ጥድን ከፈረንጅ ጥድ መለየት፦ ከኮምቦልቻ ዳርቻ

ዛፍ መለየት ለምትማሩ ጓደኞቼ የሰሞኑን ልምምዴን ላካፍላችሁ። ከኮምቦልቻ ከተማ በላይ የሚታየው የጎፍ ተራራ ደን ሰፊ ነው። እኔ ግን የምመላለሰው ከግርጌው ባለችው አጭር የእግር መንገድ ነው። ፈጠን ብሎ ለሚራመድ ሰው ከምንም የማትቆጠር መንገድ ናት፤ እኔን ግን ረፋዱን ሙሉ ትይዘኛለች። ዛፍ የሚታወቀው ቆመው ሲያዩት ስለሆነ መንገዷ ማጠሯን ወድጄዋለሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት የአገራችንን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ መለየት ነበር። ከሩቅ ሁለቱም ያው አረንጓዴ ናቸው። በረድፍ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ፍሬው ድቡልቡል እንጨት ነው፤ በጣት ቢጫኑት አይበገርም፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ያራግፋል። የአገራችን ጥድ ፍሬ ግን አተር የሚያህል፣ ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ላዩን ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። በጥፍሬ ስጫነው ፈረጠ፤ ሽታው እስከ ማታ ከእጄ አልጠፋም። ወፎች የሚለቅሙትና ዘሩን ወስደው ሌላ ቦታ የሚጥሉት ይህንን ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ስለሆኑ፣ ፍሬ የሌለበትን ዛፍ «ጥድ አይደለም» ብላችሁ እንዳታልፉት። በቀጫጭን ሰንጥቅ የሚላጠውን ቅርፊቱን እዩ።

ወይራን ያስተማሩኝ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ናቸው። ቅጠል ይዤ ስመራመር አይተው፣ «ልጄ፣ ወይራ በጀርባው ነው የሚታወቅ፤ ገልብጠህ እየው» አሉኝ። ስገለብጠው ወርቃማ ቡኒ ሆኖ አበራ። የወይራ ጭስ የወተት ዕቃ ሲታጠንበት አብሮኝ ያደገ ሽታ ነው፤ ዛፉን ቆሞ ሳየው ግን ሌላ ደስታ ተሰማኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ የደደሆ ቁጥቋጦ ነው። ብዙ ሰው ለማገዶ ካልሆነ ዞር ብሎ አያየውም። ቅርንጫፉን ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ስንዝር የማትሞላ የወይራ ችግኝ ቆማለች፤ ቅጠሏን ገልብጬ አረጋገጥኩ። ከብት ደደሆን እምብዛም ስለማይበላው ችግኟ ከአፍ ትድናለች፤ ጥላው ደግሞ ከበጋው ፀሐይ ይከልላታል። ዘሩን እዚያ የጣለው ቅርንጫፉ ላይ ያረፈ ወፍ ሳይሆን አይቀርም። ችግኝ ስንተክል መጀመሪያ ቁጥቋጦውን መንጥረን የምናጸዳ ሰዎች ይህን ብናይ ደግ ነበር። ባዶ መሬት ላይ የተተከለ ወይራ የበጋውን ፀሐይም የፍየሉንም አፍ ብቻውን ነው የሚችለው።

ቀጥሎ የያዝኩት ክትክታ ነው፤ ቅጠሉ ጣት ላይ የሚጣበቀውን። በደሴ በኩል ጦሳ ተራራ የምትወጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ የደደሆና የክትክታ ሥር ገለጥ አድርጋችሁ እዩልኝ። የጥድ ችግኝም ተጠልሎ ታገኙ እንደሆነ ጻፉልኝ።