«ፓወሩን አምስት ፐርሰንት አድርጌዋለሁ እኮ»

ማታ ላይ ነበር። ሌሎቹ ሄደው እኔና ልጁ ብቻ ቀርተናል። የቀኑን ሒሳብ እየሠራሁ ሳለ ከማሽኑ ክፍል «ጋሼ፣ እስቲ ና አንዴ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጠራሩ ልክ አልነበረም። ስገባ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ጨብጦ ቆሟል። ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

ሥራችን በሌዘር መቅረፅ ነው። እንጨት፣ ቆዳ፣ አክሪሊክና ብረት ላይ ስምና ሥዕል እናወጣለን። ልጁ ከእኛ ጋር ሲሠራ ሁለት ዓመቱ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ያበላሸው ዕቃ ትዝ አይለኝም። በዚያ ዓመት እናቱ አርፈውበታል። ክንዱ ላይ «እማ» ብሎ ሊጽፍ ፈልጎ ነው። ሁለት ፊደል ብቻ። መርፌም ቀለምም ስለሌለው ከንቅሳት የተሻለና ንጹሕ ነው ብሎ አስቧል። በወረቀት ሲሞክረው ወረቀቱ ቡናማ ከመሆን ያለፈ ነገር አልሆነም።

«ፓወሩን አምስት ፐርሰንት አድርጌዋለሁ እኮ» ይለኛል ደጋግሞ።

«እ» በቀጭኑ ወጥታለች። «ማ» ላይ ሲደርስ ሕመሙ ጠናበትና ክንዱን ሳበ። የፊደሉ እግር ተጎትቶ እስከ አንጓው ወረደ። ጨረሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደግሞ የክብሪት ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ቀረች።

ቧንቧ ስር አስገባሁትና 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበት። የጥርስ ሳሙና ልቀባ አለ፣ ከለከልኩት። በረዶም አልፈቀድኩም። ክንዱ ሳያብጥ ሰዓቱን አወለቅሁለት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ስትነካካው በጣም የሚያመው «እ» ነበር። ነጯ ነጥብ ጋ ስትደርስ ግን ምንም አልተሰማውም። «ደህና ናት ማለት ነው?» አላት። አይደለም። እዚያ ጋ ቃጠሎው ጠልቆ የሕመም ነርቮቹን ጭምር ጨርሷቸዋል። ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

አምስት ፐርሰንት የምን አምስት ፐርሰንት ነው? ማሽናችን 60 ዋት ነው። ሒሳቡ ልክ ቢሆን እንኳ 3 ዋት ይመጣል። ከግማሽ ዋት በላይ የሆነ ተከታታይ ሌዘር አደገኛ ከሚባለው የመጨረሻው ምድብ፣ ከአራተኛው ውስጥ ይገባል። ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነጥብ ላይ ነው የሚሰበሰበው። ሒሳቡም ልክ አይደለም። ጨረሩ የሚመነጭበት የመስታወት ቱቦ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ሲሆን አይረጋም፤ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ካሰብነው በላይ ይተኩሳል። መታጠፊያ ላይ ጭንቅላቱ ፍጥነት ስለሚቀንስ ጨረሩ አንድ ቦታ ይቆያል። እንጨት ላይ ይህ ትንሽ ጥቁረት ነው። ክንድ ላይ ግን ጉድጓድ ነው።

ይህ ማሽን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው፤ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ነው። ይህን ሞገድ ውሃ በደንብ ይውጠዋል፤ ሕያው ቆዳ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ወዲያው ይፈላና ሥጋውን ይዞት ይተናል። በየቀኑ የምንቀርፀው ቆዳ የለፋና የደረቀ ነው፣ አይተነፍስም፣ አይሸሽም። ወረቀትም እንደዚያው። ክንድ ግን የደም ሥሩ ሲመታ እንኳ ይንቀሳቀሳል።

«ሐኪሞችም እኮ ቆዳ ላይ ሌዘር ይጠቀማሉ» አለኝ በኋላ። እውነቱን ነው። ግን የቆዳ ሐኪሙ መሣሪያ ጨረሩን ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ብልጭ አድርጎ ይተዋል፤ ሙቀቱ ወደ ጎን ለመሰራጨት ጊዜ አያገኝም። ንቅሳት የሚያጠፋው ደግሞ ከዚያም እጅግ ያጠረ፣ በናኖሰከንድና በፒኮሰከንድ የሚለካ ነው፤ የሚመታውም ቀለሙን ነው። የእኛው ግን እያቃጠለ ይሄዳል። ጭሱም አለ። ከሚቃጠል ሥጋ ቤንዞልና ፎርማልዲሃይድ የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ይወጣሉ። ሐኪሞቹ ቁስሉ አጠገብ መምጠጫ ይዘው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ጎን ለጎን የቆመው ፋይበር ሌዘር ነው። ብረት የምንቀርፅበት። 1,064 ናኖሜትር ነው። አይታይም፣ ስለዚህ ዓይን አይጨፈንለትም። ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ዓይን ውስጥ ደግሞ አልፎ ከኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና ላይ ይሰበሰባል። ልጁ ያን ምሽት የብረት ሰዓት አድርጎ ነበር። እዚያኛው ማሽን ላይ ቢሆን ከሰዓቱ የሚነጥረው ጨረር የት ይሄድ ነበር? የአንዱ ማሽን መነፅር ለሌላው እንደማይሆንም ብዙ ሰው አያውቅም። እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

አሁን የራሴን ልናገር። ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋ ስዊች አለ። ልጁ ክዳኑ ተከፍቶ እንዲሠራለት ስዊቹን በማግኔት አታሎታል። ማግኔቱን ያስቀመጠው ግን ያን ምሽት አልነበረም። ረጅም እንጨት ስንቀርፅ ክዳኑ ስለማይገጥም ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የለጠፈው። አይቻለሁ። ሥራው አስቸኳይ ነበርና ዝም አልኩ። ማግኔቱ ባይኖር ክንዱን ከጨረሩ ስር ማስገባት ባልቻለ ነበር። ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።

በማግስቱ ማግኔቱን አነሳሁ። የማሽኑ ቁልፍ ማታ ማታ እኔ ጋ ያድራል፤ ብቻውን የሚያመሽ ሰውም የለም። ክዳን የማያስዘጋ ሥራ ከመጣ እንመልሰዋለን። ክንዳቸው ላይ ትንሽ ኮከብ እንድናወጣላቸው የሚጠይቁ ደንበኞች ድሮም ነበሩ። በፊት «አይሆንም» ብዬ እሸኛቸው ነበር። አሁን ወንበር ሰጥቼ ለምን እንደማይሆን አስረዳቸዋለሁ፤ እቤቱ ትንሽ ማሽን ያለው ሰው ብዙ ነውና።

ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀበት። ሲድን ደግሞ ጠባሳው እያበጠ ከቃጠሎው መስመር ወጣ፤ ኬሎይድ ይሉታል። ጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል። «እማ» አሁን አይነበብም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቁራጭ እንጨት አስገብቶ፣ ጨረሩን ለቆ፣ ክዳኑን ከፍ አድርጎ መጥፋቱን የሚያየው እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም።