ቮልቮ ቢ7አርኤልኢ ላይ ፌርማታ መጠጋትን እንዴት እንደተማርኩ

ሜልበርን የከተማ አውቶብስ እነዳለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የያዝኩትም ቮልቮ ቢ7አርኤልኢ የሚባለውን ነው። ፉትስክሬ የሚባለው ሰፈር ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ ላይሰንሱ ነው። ላይሰንሱስ ወጥቶ ያልቃል፣ የመኪና መንጃ ፍቃድ ይዛችሁ 2 አመት ከሞላችሁ ኤችአር የሚሉትን የከባድ መኪና ትፈተናላችሁ፣ ከዛ የህዝብ ማመላለሻ ሹፌርነት ፍቃድ አለ፣ የጤና ምርመራና የፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል፣ በቃ። እኔን ለወራት ያለፋኝ ፌርማታ ላይ አውቶብሱን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ማጠጋጋት ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ አይሱዙ ነበር የምነዳው። አይሱዙ ላይ የፊት ጎማው እታችህ ነው፣ መሪ ስታዞር አብረህ ትዞራለህ። ይሄኛው ግን ጎማው ከኋላህ ነው፣ አንተ ከጎማው ቀድመህ ወደፊት ወጥተህ ተቀምጠሃል፣ ርዝመቱ ደሞ 12.5 ሜትር ነው፣ በዛ ላይ እዚህ አገር የሚነዳው በግራ ስለሆነ በሩ በግራ አንተ በቀኝ። ካርታው ሁሉ ተገልብጧል። በለመድኩት ሰአት መሪ ሳዞር የኋላ ጎማው ጠርዝ ላይ ይወጣል፣ ያንን ፈርቼ ስርቅ ደሞ ግማሽ ሜትር ያህል አስፋልቱ መሀል እቆማለሁ።

አንድ ቀን እንደዛ ርቄ ቆሜ አንዲት በዎከር፣ ማለት ይዘውት በሚራመዱት መደገፊያ፣ የሚሄዱ ትልቅ ሴት መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ ወርደው ከዛ እንደገና ወደ አውቶብሱ መውጣት ነበረባቸው። ምንም አላሉኝም፣ አመስግነውኝ ገቡ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እናቴ ነበረች በአይኔ ላይ የምትመላለሰው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ልጅ ሆኜ አውቶብስ ስንሳፈር ደረጃው ከፍ ስለሚልባት እኔ ከኋላ እየደገፍኳት ሌላ ሰው ከላይ እጇን ይስብ ነበር። ይሄ መኪና እኮ የተሰራው ለሷ አይነት ሰው ነው። ወለሉ ከመሬት ሰላሳ ምናምን ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ባሌስትራ የለውም በአየር ነው የሚቆመው፣ ፌርማታ ላይ አየሩን ለቆ ይንበረከካል። ይሄ ሁሉ ልፋት ሹፌሩ ግማሽ ሜትር ከራቀ ከንቱ ነው!

ከዛ በኋላ ስራ ስጨርስ አውቶብሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ እየቀረሁ መለማመድ ጀመርኩ። መሬቱ ላይ ነጭ መስመር አለ፣ ጠርዝ ነው ብዬ እሱን እየተጠጋሁ። ቀስ በቀስ የገባኝ ምን መሰላችሁ፣ ከሩቁ ጀምሮ በትንሽ አንግል መግባት ነው፣ አፍንጫው ወደ ጠርዙ ሲደርስ አትደንግጥ፣ ጎማው ገና ከኋላህ እየመጣ ነው፣ በሩ ፌርማታው ጋ ሊደርስ ሲል ነው መሪ የምትመልሰው። አይን ከግራ ስፖኪዮ አይነሳም፣ የኋላ ጎማውና ጠርዙ ጎን ለጎን ሲሄዱ እዛው ላይ ታያለህ። ግን አፍንጫው ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ከቆመ እንዳታንበረክከው፣ ሆዱ ድንጋዩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰዎች ጠርዙ ላይ ተጠግተው ከቆሙም ቀድመህ ፍጥነት ቀንስ፣ እነሱ ጎማውን ነው የሚያዩት አፍንጫው ቀድሞ እንደሚደርስ አያውቁም። ስትነሳ ደሞ ወደ ቀኝ መሪ ከሰበርክ ጭራው ወደ ግራ ይወረወራል፣ እዛ ቆሞ ስልክ የሚያይ ልጅ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ትንሽ ቀጥ ብለህ ሂድ።

ስለ መኪናው ራሱ ልንገራችሁ፣ እኔ በጣም ስለምወደው ነው። ከቮልቮ የመጣው ሻንሲው ነው፣ ማለት ሞተርና ጎማ ያለበት የስሩ አካል፣ ቦዲውን እዚሁ ዳንደኖንግ ያለው ቮልግረን የሚባል ፋብሪካ ነው የገጠመው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ 7 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር። ስሙ ላይ ያለው ኤልኢ ሎው ኢንትሪ ማለት ነው፣ ከፊት እስከ መሀል በሩ ድረስ ወለሉ ዝርግ ነው ከዛ ወደ ኋላ ግን በደረጃ ትወጣለህ፣ ምክንያቱም ሞተሩና አክስሉ ከስር ናቸው። ቢ7ኤል የሚባለው ታላቅየው ወለሉ እስከ ኋላ ዝርግ ነበር፣ ለዛ ሲባል ሞተሩ የኋላው ጥግ ላይ ተገፍቶ ነበር የተቀመጠው። እኔ የዚህኛው ሀሳብ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዊልቸርና የህፃን ጋሪ የሚቆመው ከፊት ነውና። የኋላው ደረጃ ግን ሰው ይጥላል፣ ሽማግሌ ወደዛ እየወጣ ከሆነ ሳይቀመጥ አልነሳም፣ የጊዜ ሰሌዳው ቢዘገይም። ፍሬንም ቀደም ብዬ በቀስታ እይዝና ሊቆም ሲል ላላ አደርገዋለሁ፣ ያኔ አይነጥርም።

አብሮኝ የሚሰራ የህንድ፣ የባንጋሎር ልጅ አለ፣ ተማሪ እያለ የሚሳፈርበት ይሄው ሻንሲ ነበር። እዛ ቢኤምቲሲ የሚባለው የከተማው አውቶብስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው ቮልቮዎቹን ያስገባው፣ ባለ ኤሲ ናቸው፣ የሚገጣጠሙትም እዛው አጠገብ ሆስኮቴ ነበር። የሱ እናት መጀመሪያ ቀን ደረጃ ፈልጋ አጣች አለኝ፣ እኔም የእናቴን ነገርኩት፣ ከዛ ወዲህ እንደ ወንድም ነን። ኤዲንብራ ሎዲያን ባስስ የሚባለው የከተማው ድርጅትም ይነዳው ነበር፣ ቦዲው የሰሜን አየርላንዱ ራይት የሚባል ፋብሪካ ነው፣ መልኩ ፍፁም ሌላ ነው ስሩ ግን ያው። ፐርዝና ብሪስቤንም ሞልቷል።

እዚህ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ትራንስፖርት ስታንዳርድ አውቶብሶች በሙሉ እስከ 2022 መጨረሻ ተደራሽ ይሁኑ ብሎ ነበር። ዊልቸር የሚወጣበት መወጣጫ፣ ራምፑ፣ ግን በእጅ የሚዘረጋ ነው፣ ከወንበርህ ተነስተህ ወርደህ የምትዘረጋው አንተ ነህ። በትክክል ከተጠጋህ ራምፑ ጠርዙ ላይ ያርፋል፣ ከራቅክ አስፋልቱ ላይ ይወርድና ዳገት ይሆናል፣ ዊልቸር የሚገፋው ሰው ላቡ ጠብ እስኪል። ዳገቱን ራሴ ገፍቼ ካየሁ በኋላ ነው በደንብ የገባኝ።

አሁን ቪክቶሪያ የሚገዙ አዳዲስ አውቶብሶች በሙሉ ኤሌክትሪክ ወይ ሌላ ጭስ የሌለው እየሆኑ ነው፣ ባለፈው ቢዜድኤል የሚባለውን ኤሌክትሪክ ቮልቮ ሰጡኝ። ድምፅ የለውም። ለካ እኔ ፌርማታ ስገባ ፍጥነቴን የምለካው በሞተሩ ድምፅ ነበር፣ መጀመሪያ ቀን በሩ ከፌርማታው አንድ ሜትር አልፎ ቆመ። እና ሰሞኑን ማታ ማታ እንደገና ግቢው ውስጥ ነጩ መስመር ላይ ነኝ።