የልጆች ባስኬት ኮች ልትሆኑ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብባችሁ ግቡ

ኮች የሆንኩት ልጄ ያለበት ቡድን አሰልጣኝ ስላጣ ነው። ቢያንስ ለሰው ሁሉ ሳወራ የኖርኩት እሱን ነው። አብዛኛው የልጆች አሰልጣኝ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ «ማነው ፈቃደኛ?» ይባላል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፣ ዝምታው የከበደው ሰው እጁን ያወጣል፣ በቃ ኮች ሆነ። ሌላው ድሮ ተጫዋች የነበረና ጉልበቱ እምቢ ያለው ነው፣ ከኮርት መራቅ አቅቶት ፊሽካ አንጠልጥሎ ይመለሳል። የስፖርት አስተማሪ ስለሆነ ብቻ ሥራው የሚጣልበትም አለ። አራተኛ ዓይነትም አለ፣ እሱ እኔ ነኝ፣ ግን እኔ መሆኔን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

መግቢያው ቀላል ነው። ፎርም ሞላሁ፣ የሁለት ቀን ኮርስ ወሰድኩ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ተማርኩ፣ ሰርቲፊኬት ሰጡኝ፣ ፊሽካ ገዛሁ። አለቀ።

ስለ ኳስና ቀለበት ግን አንዲት ነገር ልበል። ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች የሚኒ ባስኬት ደንቡ 5 ቁጥር ኳስ ነው፣ ቀለበቱም 2.60 ሜትር ላይ። ለእኛ የተሰጠን 7 ቁጥር ኳስና 3.05 ላይ የተሰቀለ የአዋቂ ቀለበት። ማውረጃው እዚያው እያለ የአዳራሹ ኃላፊ «መልሶ መስቀሉ ጊዜ ይወስዳል» ብሎ እምቢ አለኝ። ልጅ ኳሱ ሲከብደው ከወገቡ ጎን አንስቶ ነው የሚወረውረው፣ ያንን አንዴ ከለመደ ደግሞ ማስተው መከራ ነው። ኳሶቹን በመጨረሻ ከኪሴ ገዛሁ። ቀለበቱ አልወርድ ካላችሁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሥሩና እሱን አስመቱ፣ ልጆቹ እንደሆነ ግድ የላቸውም።

አሁን ወደ ጉዱ።

በሁለተኛው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የአሰልጣኞች ስብሰባ ነበር፣ እጄን አውጥቼ «ሁሉንም ልጅ ማስገባት ግዴታ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አዘጋጁ ወረቀቱን አገላብጦ «ይበረታታል» አለ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰውዬ ኮርሱ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ «ማሸነፍ ዋናው አይደለም» እያለ ሲሰብከን የነበረው ነው። ግዴታ ነው ቢል ምን ነበረበት? ደግሞስ እኔ ለምን ጠየቅኩ? እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ መርጦ ነው የመጣው።

አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ከመሀላቸው በቁመት የመጨረሻው የሆነ ልጅ አለ፣ ድሪብል (ኳስ ማንጠር) በቀኝ እጁ ብቻ ነው፣ ሌይአፕ (ሮጦ ቀለበቱ ሥር ደርሶ መወርወር) ሲገባ እግሩ ይምታታበታል፣ ግን አንድ ቀን ልምምድ ቀርቶ አያውቅም፣ ሲያልቅም ኳስ የሚሰበስበው እሱ ነው። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ስምንቱን አፈራረቅኩ፣ ቀጥሎ ሦስቱን ለጥቂት ደቂቃ ነካ ነካ አደረግኳቸው። እሱ ቀረ። ሦስተኛው ኳርተር ላይ (ጨዋታው በአራት ኳርተር ይከፈላል) በ4 ነጥብ እየመራን የቱታውን ዚፕ እስከ ደረቱ አውርዶ «ኮች፣ ላውልቀው?» አለኝ። ፊቱን እንኳን አላየሁትም፣ ዓይኔ ኮርቱ ላይ ነው፣ «ቆይ» አልኩት። ዚፑን መልሶ ዘጋው። አራተኛው ሲጀመር ደግሞ «ላውልቀው?» አለ፣ «ቆይ ትንሽ» አልኩ። ሦስተኛ አልጠየቀም። መጨረሻ ላይ ታይም አውት ስጠራ ለጓደኞቹ ውሃ ሲያድል አየሁት፣ አየሁና ወደ ሰሌዳዬ ተመለስኩ።

በ3 ነጥብ አሸነፍን። ልጆቹ ተቃቅፈው ሲዘሉ እሱም ይዘላል፣ ዚፑ እስከ አንገቱ እንደተዘጋ።

እናቱ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ መጣች። ትጮሃለች ብዬ ስዘጋጅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ልጄ አጥፍቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ምን ይመለሳል? «ጨዋታው ተጣቦ ስለነበረ ነው» ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። አመስግናኝ ሄደች።

ፍጻሜውን በ19 ነጥብ ተሸነፍን። ልጁ ለፍጻሜው አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ በሁለተኛው እሱን ራሱን አገናኘችኝና ይቅርታ ጠየቅኩት፣ «ችግር የለም ኮች» አለኝ። ያ አዘጋጅ ደግሞ ጠርቶ «የደንቡን መንፈስ ጥሰዋል» ብሎ የሃያ ደቂቃ ትምህርት ሰጠኝ። የደንቡ መንፈስ! ስጠይቅህ ያን ጊዜ የት ነበር መንፈሱ? እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል፣ ሆኖም «ቆይ» ያለው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ ያለኝ የራሴ አሰልጣኝ ነው። በ13 ዓመቴ ሲዝኑን ሙሉ ቤንች ላይ አስቀምጦኝ ነበር። «እኔ ግን እንደሱ አልሆንም» ብዬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ውሸቴን ነው። እኔ የፈለግኩት ያ ሰውዬ የሆነ ቦታ ሆኖ ሳሸንፍ እንዲያየኝ ነበር። አራተኛው ዓይነት ይሄ ነው፣ ከድሮ ኮቹ ጋር ያልተወራረደ ሂሳብ ይዞ የሚመጣ፣ ሂሳቡን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ለልጄ ብሎ የገባውም፣ ጉልበቱ የተበላሸውም የየራሱ ጣጣ አለው፣ ግን ቶሎ ይታያል። የእኔ ዓይነቱ እስኪያሸንፍ ድረስ አይታይም።

በነገራችን ላይ ይሄን ጨዋታ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ አስተማሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ክፍሉ ውስጥ 18 ተማሪ ስለነበረው 9 ለ9 አድርጎ ሁሉንም አጫወታቸው። የተረፈ ልጅ የለም። በኋላ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። የፈጠረው ሰው ራሱ!

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ከጨዋታው በፊት በነበረው ማታ ቅያሪውን ወረቀት ላይ ጽፌ እጨርሳለሁ። እያንዳንዱን ኳርተር ለሁለት ስከፍለው 8 ክፍል ይወጣል፣ በ5 ተጫዋች 40 ቦታ ማለት ነው፣ ለ12 ልጅ 3፣ 3 ይደርስና 4 ቦታ ይተርፋል። የተረፈውን ልምምድ ላልቀረ እሰጣለሁ እንጂ ለጎበዝ አይደለም። ኮርሱ ላይ «ቅያሪ ጨዋታውን እያነበቡ ነው» ይላሉ፣ ለአዋቂ ልክ ነው፣ የ11 ዓመት ልጆች ላይ ግን የምታነቡት የራሳችሁን ንዴት ነው። ዞንም፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ቦታ ይዞ መከላከልን፣ አላስተምርም። ልጆች ከሩቅ ስለማያገቡ ዞን ቶሎ ያሸንፋል፣ ግን አንድ ሰው ይዞ መከላከልን ሳይማሩ ያድጋሉ። «ወላጅ ቤንች አካባቢ አይድረስ» የሚለውንም ምክር ጥየዋለሁ፣ አንዷን እናት ረዳት አድርጌ ወረቀቱን እሷ ናት የምትይዘው፣ ቅያሪ የምትጠራውም እሷ።

ባለፈው ጨዋታ በ2 ነጥብ እየተመራን ልክ መቀየሪያው ሲደርስ «አንድ ደቂቃ ብቻ ይቆይ፣ እስቲ ወረቀቱን ልየው» አልኳት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና የሚገባውን ልጅ «አውልቅ የኔ ልጅ» አለችው።