ካቫናን ከየት ልጀምር ለምትሉ

ዛሬ የአየርላንዱን ፓትሪክ ካቫናን ስናነብ ዋልን። ገጣሚም ልብ ወለድ ጸሐፊም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞናሃን ውስጥ ኢኒስኪን ተወለደ፣ ከጫማ ሰፊ አባቱ ጋር ሠራ፣ አረሰ።

መጀመሪያ «ኤፒክ»ን አንብቡ፤ 14 መስመር ብቻ ናት። ሁለት ቤተሰብ በግማሽ ሩድ ድንጋያማ መሬት፣ 500 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ይጣላሉ። አንዱ ሽማግሌ እስከ ወገቡ ተራቁቶ ወሰኑን በእርምጃ ይለካል። ያ ዓመት (1938) አውሮፓ በሙኒክ ጉዳይ፣ ማለትም ሂትለር የቼኮዝሎቫኪያን መሬት እንዲወስድ በተስማሙበት ጉዳይ፣ የታመሰችበት ነው። የትኛው ይበልጣል ብሎ ገጣሚው ሲያመነታ የጥንቱ የግሪክ ገጣሚ የሆሜር መንፈስ መጥቶ «ኢሊያድን (የትሮይ ጦርነት ግጥሙን ማለት ነው) የሠራሁት ከእንዲህ ያለ የሰፈር ጠብ ነው» ይለዋል። ወሰን ተገፋ ተብሎ ጎረቤት ሲካሰስ ላየ ሰው ይህች ግጥም ማብራሪያ አያሻትም።

ቀጥሎ «ታላቁ ረሃብ» (1942) የተባለው ረጅም ግጥም። ብዙ አንባቢ እዚህ ይሳሳታል፤ ርዕሱን አይቶ የድንች ሰብል ጠፍቶ አየርላንድ የተራበችበትን የ1840ዎቹን ረሃብ ይጠብቃል። የካቫና ረሃብ ግን የማጓየር ነው፦ በእናቱና በመሬቱ ተይዞ ሳያገባ ያረጀ ገበሬ።

«ታሪ ፍሊን» (1948) ልብ ወለድ ነው፤ ያው ገበሬና እናት፣ ግን ሳቅ አለበት። የራሱን ሕይወት የተረከበት «አረንጓዴው ሞኝ» (1938) ይቆይ። አየርላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ኦሊቨር ጎጋርቲ በዚህ መጽሐፍ ስሜ ጠፋ ብሎ ከስሶ 100 ፓውንድ ተፈርዶለታል።

በ1955 በካንሰር አንድ ሳንባው ወጣ። ደብሊን፣ ግራንድ ካናል ዳር ሲያገግም ያፈለቃቸው ሶኔቶች (ባለ 14 መስመር ግጥሞች) ለእኔ ከሁሉም ይበልጣሉ። በአንዱ ሐውልት ሳይሆን የቦይ ዳር መቀመጫ ይሁንልኝ አለ። በ1967 ሞተ፤ በ1968 ወዳጆቹ አግዳሚውን እዚያው አቆሙለት።