ስንት ይገባኛል?

በሦስት ፈረቃ የሚሠራ የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ምርጫ ላድርግ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሰዓት ጋር ነው። ከ12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ 4፣ ከ4 እስከ 12። ሁሉንም ሠራተኛ አንድ አዳራሽ የሚያስገባ ሰዓት የለም፤ ኦቨን ደግሞ ስብሰባ አለ ተብሎ አይጠፋም። ስለዚህ ብዙ ቦታ እሑድ ጠዋት ይጠራል፣ የመጣው ይመጣል፣ እጅ አውጡ ይባላል፣ ያልቃል። ፎርማኑ ከኋላ ቆሞ እያየ ሠራተኛው ለማን እጁን እንደሚያወጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስሙን የማንጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ግን አስመራጭ ኮሚቴው በምስጢር ድምፅ ይሁን ብሎ ድርቅ አለ። ሥራው የተጀመረው ከአባላት ዝርዝር ነው። የማኅበሩ መዝገብ አንድ በኩል፣ ፋይናንስ በየወሩ መዋጮ የሚቆርጥበት ዝርዝር ሌላ በኩል ተቀምጦ ስም በስም ተመሳከረ። ሁለቱ ገጥመው አያውቁም። የአባልነት ፎርም ሞልተው ገና ያልተቆረጠባቸው አሉ፤ ከለቀቁ በኋላም ስማቸው ያልተሰረዘ አሉ። ኮሚቴው ፎርም የሞላ ሁሉ ይመርጣል ብሎ ወሰነ፤ ልክም ነበር። ቆርጦ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ማስገባት ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ፋይናንስ ስለተኛ ሠራተኛው ድምፁን አያጣም።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በዝርዝሩ ቁጥር ልክ ታተመ፣ ትርፍ የለም። ለማንበብ ለሚቸገሩት የእጩዎቹ ፎቶ ገባበት። ጀርባው ላይ የማኅበሩ ማኅተምና የሁለት ኮሚቴ አባላት ፊርማ ያረፈው በምርጫው ዕለት ነው። ቀደም ብሎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሌሊቱን እግር ያወጣል፤ ይህን የማያውቅ አስመራጭ መሆን የለበትም። የተረፈው ወረቀት ሰው እያየ በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ተቆጥሮ፣ ቁጥሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

ሳጥኑ ላይ ትንሽ ንትርክ ነበር። የብስኩት ካርቶን ይበቃል ያሉ ነበሩ፤ የካርቶን ቂጥ እንዴት እንደሚከፈት ደግሞ ከማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥገና ክፍል ከላሜራ በይዶ አመጣ። ከእጩዎቹ አንዱ የጥገና ሰው ስለነበር «የእጩው ክፍል የሠራው ሳጥን» ተብሎ ደግሞ ተጮኸ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ ይገባል፣ አንደኛው መክፈቻ አስመራጩ ጋ፣ ሁለተኛው ከሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን የመጣው ታዛቢ ጋ ይሆናል፤ ባዶነቱ ለሁሉም ይታያል፤ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና እጩዎቹ ራሳቸው ይፈርሙበታል። የሰው ሀብት ክፍል «ለጥበቃ» እኛ ቢሮ ይቀመጥ ብሎ ነበር። ሻይ ክበብ ተቀመጠ። ድምፅ የሚሰጠው ፈረቃ ሲለወጥ ነው፣ በ8፣ በማታው 4 እና በጠዋቱ 12፤ ወጪውም ገቢውም በአንድ ሰዓት ልዩነት ይደርሳል። ሌሊቱን ሁለት ታዛቢ እዚያው አደረ፣ ቆጠራው የሌሊቱ ፈረቃ ከወጣ በኋላ ጠዋት ሆነ። የሌሊት ሠራተኛ በምርጫ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ወገን ነው። እዚህ ግን ውጤቱን የወሰነው እሱ ሆነ።

ለሊቀመንበርነት የቀረቡት ሦስት ናቸው። አንዱ ሠራተኛው «ማይክ» የሚለው የሊጥ ክፍል ሰው ነው፤ ድምፅ ማጉያ ሳይኖርም ሚክሰሩን አልፎ የሚሰማ ጉሮሮ አለው። ሁለተኛው ቀድሞ የኮሚቴ አባል የነበረ። ሦስተኛው የጥገናው፣ «ካልኩሌተር» የሚባለው፤ ብዙ አይናገርም፣ የደመወዝ ቀን ግን ወረቀቱን ይዞ ወደሱ የማይሄድ የለም።

ንግግሩ የተደረገው ሻይ ክበብ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊው «ለትብብር» ብለው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ታዛቢው በትሕትና አስወጧቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪ ሠራተኛውን ለእገሌ ምረጥ፣ ለእገሌ አትምረጥ ብሎ እንዳያስገድድ ይከለክላል። ኃላፊው አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እውነት ነው። ግን ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ የሰው ሀብት ኃላፊ መናገር አያስፈልገውም።

ማይክ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ይገባዋልም። ቀጥሎ ከኦቨን ክፍል አንድ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ጋሼ የሚሏቸው፣ ተነሡ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አሉ። «ደመወዜ 5,200 ነው። የ8 ሰዓት ገቢ ነኝ። ማክሰኞ የሌሊቱ ሰው ስለቀረ ከ4 እስከ 8 ቆየሁ። ስንት ይገባኛል?»

ማይክ «ጋሼ፣ መብትዎ እስከ መጨረሻው ድረስ ይከበራል!» አለ። እንደገና ተጨበጨበ።

«እሱማ ይከበር። ስንት ብር?»

ሳቅ ሆነ። ሁለተኛው እጩ ጣቱን ቆጥሮ «150» አለ። ጋሼ የደመወዝ ወረቀታቸውን አውጥተው አዩና «እነሱም 150 ነው የከፈሉኝ» አሉ፤ ሰውዬው ልክ የመለሰ መስሎት ፈገግ አለ። ካልኩሌተር ከተቀመጠበት ሳይነሳ «175 ነው። 25 ብር ይቀርዎታል» አለ።

ሒሳቡ ይህ ነው። 5,200 ለ208 ሲካፈል፣ ማለት በወር 26 ቀን በቀን 8 ሰዓት፣ የሰዓቱ 25 ብር ይመጣል። ከማታው 4 እስከ ንጋቱ 12 የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፣ ስለዚህ 43 ብር ከ75፤ አራት ሰዓት 175። ከንጋቱ 12 እስከ ማታው 4 ከሆነ 1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ስሕተቱ የሚዘልቅበት ምክንያት አለው። በድሮው አዋጅ 377/1996 የማታው ማባዣ 1.5፣ የቀኑ 1.25 ነበር። አሁን 1.5 የቀኑ ሆኗል። አንጋፋ ፎርማኖች «የማታ አንድ ነጥብ አምስት» የሚለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ስለቀረ ሁሉንም ትርፍ ሰዓት ቅጹ ላይ ባለችው የቀን ዓምድ ይሞሏታል፤ ፋይናንስ በ1.5 ያባዛል፤ ቁጥሩ ለሁሉም የለመዱት ስለሚመስል የሚጠይቅ የለም። ስድስት ወር ሳይጠየቅ ካለፈ ደግሞ ይርጋ ይበላዋል። 25 ብር ትንሽ ናት። የሌሊት ሠራተኛ በቀረ ቁጥር ግን አንዱ ከ4 እስከ 8 ይቆያል፣ ሌላው የጠዋት ገቢ ከሌሊቱ 8 ጀምሮ ይጠራል፤ ሁለት ሰው ላይ፣ በየማሽኑ፣ በየሳምንቱ።

ካልኩሌተር በ11 ድምፅ በለጠ። ማይክ ሁለተኛ ወጣ፣ በማኅበሩ ደንብ መሠረት ምክትል ሆነ። እትዬ፣ ከማሸጊያ ክፍል፣ ገንዘብ ያዥነታቸው ቀጠለ። ቃለ ጉባኤው ለሥራና ክህሎት ቢሮና ለአሠሪው ተላከ፤ ለባንክም። ባንኩን የሚዘነጋ ማኅበር ብዙ ነው። የድሮዎቹ ፊርማ ካልተቀየረ መዋጮው ይገባል፣ አዲሱ ኮሚቴ ግን አምስት ሳንቲም ማውጣት አይችልም።

ለጥቂት ወራት ጥሩ ሄደ። ካልኩሌተር ስብሰባ ላይ አይጮኽም፤ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል፣ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ። እንዲህ ያለው ሰው ለሥራ አመራር ከጯሂ ይልቅ ያስቸግራል፤ ጯሂ ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሠንጠረዥ አይደክመውም።

የአዋጁ አንቀጽ 26 የማኅበር ተመራጭ በመሆኑ ማንም ከሥራ እንዳይሰናበት ይከለክላል። ሹመት ግን አልከለከለም። ደብዳቤው መጣ፤ የ8 ሰዓት ፈረቃ ኃላፊ፣ ጭማሪ 1,800 ብር፣ «የሥራ መሪ በመሆንዎ ከማኅበር አባልነት የሚሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን» የሚል። ፋይናንስ፣ ሲያስቆርጥ የሚንቀረፈፈው ፋይናንስ፣ በዚያው ወር የአባልነት መዋጮውን አቆመ።

ከፌዴሬሽን የመጣው ባለሙያ ደብዳቤውን አይቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ምን ይፈርማል?» ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነው። አዋጁ አንቀጽ 3 ላይ የሥራ መሪን ከሠራተኛው ተርታ የሚያወጣው በሥልጣኑ ነው። ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ሥልጣን ያለው ነው የሥራ መሪ። የመጠሪያው ትልቅነት ዋጋ የለውም። የፈረቃ ኃላፊ ተብሎ የመውጫ ወረቀት እንኳ የምርት ክፍል ኃላፊው ሳይፈርሙበት የማያወጣ ሰው በዚህ ሚዛን ሠራተኛ ነው፣ አባልነቱም አይነካም። ባለሙያው ተቃውሞ እንጻፍ አለ። ለመጻፍ ግን ሰውየው መፈለግ ነበረበት።

እትዬ ሻይ ክበብ አገኙት።

«እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ስንት ጨመሩልህ?»

«1,800፣ እትዬ።»

«በሰዓት ስንት ይመጣል?»

ልማድ አይለቅምና ለ208 አካፈለው። «8 ብር ከ65።»

«በሳምንት ሁለት ሌሊት ትቆይ አልነበር? የሥራ መሪ ትርፍ ሰዓት ይከፈለዋል እንዴ?»

ዝም አለ። ደመወዙ 6,240 ነበር፣ የሰዓቱ 30። ሁለት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣ በ52 ብር ከ50፣ 420። በአራት ሳምንት 1,680። የፋብሪካውን ሒሳብ በሙሉ ሲያስተካክል የከረመ ሰው የራሱን አልሠራውም ነበር። እትዬ ግን ሁለት ዘመን ገንዘብ ያዥ ናቸው።

«120 ብር» አሉት። «በ120 ብር ነው የሰጠኸን።»

«ሦስት ልጅ አለኝ፣ እትዬ።»

«ልጆችህንማ አውቃቸዋለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ስለ 120ዋ ነው።»

«በ4 ሰዓት ሰርቪስ ይዤ ሌሊቱን ቤቴ አድራለሁ» አላቸው።

ለዚህ እትዬ መልስ አልነበራቸውም። ለነገሩ ማንም የለውም። በሌሊቱ 8 ከፋብሪካ በር ላይ ትራንስፖርት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ያቺን ቃል አያቃልላትም። ተቃውሞው ሳይጻፍ ቀረ። የፋብሪካው አመራር ደስ አለው፣ ማይክ ሊቀመንበር ሆነ፣ ጥያቄውም በየስብሰባው በታላቅ ድምፅ ይቀርባል፤ «እናየዋለን» ይባላል፤ ይታያል።

አመራሩ ያላሰላት ነገር ብትኖር የትርፍ ሰዓት ቅጽ በፈረቃ ኃላፊ እጅ እንደሚሞላ ነው። ካልኩሌተር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለችውን እያንዳንዷን ሰዓት በማታው ዓምድ ይጽፋል፤ በሳምንት 12 የትርፍ ሥራ ሰዓት የሞላውን አላቆይም ብሎ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ፋይናንስ ቅጹ ላይ ያለውን ይከፍላል። ጋሼ ባለፈው ለቆዩባት ሌሊት 175 ተከፍሏቸዋል፣ ማንም ሳይጮኽ። የጠዋቱ ፈረቃ ሰዎች ግን ከሌሊቱ 8 ተጠርተው የሠሯት አራት ሰዓት አሁንም በቀን ዓምድ ትገባለች።

ከእነሱ ሰባት ስምንቱ ወደ 8 ሰዓት ፈረቃ እንዛወር ብለው ወደ ካልኩሌተር ሄደው ነበር። ቅጹን አዩት፤ የዝውውር ፊርማ ቦታው ላይ የምርት ክፍል ኃላፊ ይላል። የሥራ መሪው መፈረም አይችልም።