ደርቆ የቀረው ሙልሙል

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለቡሄ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ነው የምጽፍላችሁ። ሰፈራችን ሰሞኑን በጅራፍ ጩኸት ደምቋል፤ እኔ ግን ይህ በዓል በመጣ ቁጥር ከደብረ ታቦር ማዶ ያለችው፣ ብርዷን በስሟ የተሸከመችው ነፋስ መውጫ ትታወሰኛለች።

ይህች የላይ ጋይንት ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከነሐሴ 6 ቀን ጀምሮ እስከ 15 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ስለ ጦርነቱ ሲወራ እነዚህ ቀናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ፤ ሆኖም የፍልሰታ ሱባዔም ቡሄም የዋሉት በእነዚሁ ቀናት ነበር። ከጋይንት ሸሽተው ባሕር ዳር ከገቡት መካከል አንዲት ወጣት ከሁለት ልጆቿ ጋር እኛ ቤት አርፋ ነበር። እናቷ «ከብቶቼን ለማን ጥዬ» ብለው እዚያው ቀርተዋል፤ ስልክ በመቋረጡ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ የሚነግራት አልነበረም። በዋዜማው የሰፈሩ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ደጃችን ሲደርሱ ሙልሙሉን ይዛ የወጣችው እሷ ናት፤ ሰጥታቸው ስትመለስ ግን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት 16 የከተማዋ ሴቶች በታጣቂዎቹ የደረሰባቸውን ግፍ ተናግረዋል፤ አብዛኞቹ የተደፈሩት በቡድን ነበር። የከተማዋ የሕክምና ተቋማት ስለተዘረፉም በወቅቱ ሊያገኙት የሚገባውን ሕክምና አላገኙም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፤ እነዚህን ሴቶች ሳይክስና ሳያሳክም ዝም የሚል ሰላም ግን ለእኔ ገና ጎዶሎ ነው። በበዓል ቀን ይህን ማንሳቴን የሚነቅፍ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

እንግዳችን መንገዱ ተከፍቶ ቤቷ ስትመለስ እናቷን በሕይወት አገኘቻቸው። መሶቡን ስትከፍት እንደ ድንጋይ የደረቀ ሙልሙል ሞልቶታል። ለካ እናትየው ተኩስ እየሰሙ፣ በራቸውን ዘግተው፣ እንደ ልማዳቸው ለቡሄ ጋግረው ኖሯል። ለማን እንደጋገሩ ስትጠይቃቸው «ልጆቹ ይመጡ ይሆናል ብዬ ነዋ» አሏት። ያን ዓመት በደጃቸው ያለፈ ልጅ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ደውላ ነበር። እናቷ ዘንድሮ ከአምናው አብልጠው አቡክተዋል።