ሚሞሪ ካርድ የመረጥኩት በዝቅተኛው ቁጥር ነው

የምቀርጸው ሠርግ ነው። ተክሊል አይደገምም፤ ቀለበቱ አንዴ ከገባ ገባ ነው። ስለዚህ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ካሜራ ገዝቼ ለጥር ሠርጎች ስዘጋጅ፣ ሌንስ ከመምረጥ ይልቅ ብዙ ያሳሰበኝ ምስሉ የሚያርፍበት ካርድ ነበር።

ሱቅ ከመሄዴ በፊት ካሜራዬ ምን ያህል እንደሚጽፍ አሰላሁ። 4ኬ ቪዲዮ በከፍተኛው ጥራት ሲቀርጽ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋል። ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም፤ ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው። በደቂቃ 750 ሜጋባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋ ማለት ነው። ይህ ብዙዎች እንደሚፈሩት ከባድ ፍጥነት አይደለም። ቪዲዮ ከካርዱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ለአፍታም ቢሆን ከዚያ በታች አለመውረድ። ካርዱ ለአፍታ ከዘገየ ካሜራው ቀረጻውን ሊያቆመው ይችላል።

ፎቶ ላይ ነገሩ ይለያል። ሙሽሮቹ በእልልታ አዳራሽ ሲገቡ በሰከንድ 10 ፎቶ ብተኩስ፣ እያንዳንዱ የታመቀ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ የፎቶ ፋይል) ወደ 24 ሜጋባይት ስለሆነ በሰከንድ 240 ሜጋባይት ይመጣል። እኔ ልገዛቸው ከምችላቸው ካርዶች ይህን በዚያው ቅጽበት የሚቀበል የለም። ካሜራው መጀመሪያ በራሱ ውስጣዊ ማቆያ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ካርዱ ያወርደዋል። ካርዱ ሲዘገይ ማቆያው ይሞላል፤ ያኔ ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ካሜራው እየተንቀራፈፈ ነው የሚተኩሰው።

ይህን ይዤ ሱቅ ስገባ ሻጩ የሳንዲስክ ኤክስትሪም ፕሮ 64 ጊጋ አወጣልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ 200 ነው፣ ምርጥ ዕቃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ካርዱ ላይ በጉልህ የተጻፈው 200 ነው። ግን 200 ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲነበብ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ እሱም ለዚያ ፍጥነት የተሠራ ካርድ ሪደር ሲኖር ብቻ። ካርዱ መረጃ የሚያስተላልፈው ዩኤችኤስ-1 በሚባለው መስፈርት ስለሆነ ካሜራ ውስጥ ሲገባ መስፈርቱ የሚፈቅደው ጣሪያ 104 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። መጻፉ ደግሞ እስከ 90 ነው። «እስከ» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚሮጠውን ፍጥነት ነግሮ እንደመሸጥ ነው።

እኔ የፈለግኩት ቁጥር እዚያው ካርድ ላይ በደቃቁ ተጽፏል። በሲ ፊደል ውስጥ ያለው 10፣ ካርዱ ሲጽፍ ከ10 ሜጋባይት በሰከንድ አይወርድም ማለት ነው። በዩ ውስጥ ያለው 3 ደግሞ ከ30 አይወርድም ይላል። ቪ30፣ ቪ60 እና ቪ90ም እንዲሁ የቪዲዮ ዝቅተኛ ፍጥነት ናቸው። ለእኔ 12.5 ቪ30 ከሁለት እጥፍ በላይ መጠባበቂያ ይሰጠኛል። «ቪ30 ከሆነ ይበቃኛል» አልኩት፤ እሱም ደስ ብሎት ሌሎቹንም እያገላበጠ ምልክታቸውን አብረን አየን።

ቪ90 ለምን አልገዛሁም? ካሜራዬ ሁለት የካርድ ቦታ አለው። ቪ90 ካርዶች የሚሠሩበትን፣ ከዩኤችኤስ-1 የሚፈጥነውን ዩኤችኤስ-2 የሚቀበለው አንደኛው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዩኤችኤስ-1 ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ኮፒ እንዲጽፍ አድርጌ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚወሰነው በደካማው ነው። በአንድ ውድ ካርድ ፈንታ እኩል የሆኑ ቪ30 ካርዶች ጥንድ ጥንድ አድርጌ ገዛሁ።

መጠኑን የወሰነልኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። 64 ጊጋ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አካባቢ 4ኬ ይይዛል። ቅዳሴና ተክሊል ከዚያ ይረዝማል፤ በጸሎት መሀል ካርድ ለመቀየር ወዲያ ወዲህ ማለት ደግሞ ነውር ነው። 128 ጊጋ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚሄድ ለቤተ ክርስቲያን እሱን ያዝኩ። 256 ግን አልፈለግኩም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ሁሉ አንድ ካሜራ ውስጥ እንዲውል ስለማልሻ። ሁለት ኮፒ ቢኖርም ካሜራው ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሁለተኛውን ቦታ ካርድ አውጥቼ ለረዳቴ እሰጣለሁ፤ እሱ በሌላ መኪና ይሄዳል።

ካርዱ ኦሪጅናል መሆኑን በማሸጊያው መለየት ከባድ ነው። ፎርጅዱ ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ ለካሜራው «128 ነኝ» ሊል ይችላል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ መጻፉን የቀጠለ ያስመስላል፣ ወይም በቀድሞው ላይ ይደርባል። የፋይሎቹ ስምና መጠን በዝርዝሩ ላይ ስለሚታይ ምንም የጎደለ አይመስልም፤ ሲከፈቱ ነው ባዶነታቸው የሚታወቀው። ስለዚህ አዲስ ካርድ ሁሉ ሥራ ሳይጀምር ላፕቶፕ ላይ እፈትነዋለሁ። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል፤ የጻፉትና ያነበቡት ካልገጠመ ካርዱ አይሠራም። የመጻፍ ፍጥነቱንም ስለሚያሳዩ ከ30 በታች የሚንገታገት ቪ30 እዚያው ይጋለጣል። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝንም እንዲሁ ፈትኛለሁ። ዘመድ ያመጣው ሁሉ ኦሪጅናል ነው የሚለውን እምነት አልጋራም፣ ፎርጅድ የትም ሊሸጥ ይችላል።

ከፈተናው በኋላ ካርዱን ሁልጊዜ በሚሠራበት ካሜራ ላይ ፎርማት አደርገዋለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ፎቶው ሁለት ቦታ ተገልብጦ ሳላይ ካርድ አላጸዳም። በስህተት የጠፋ ነገር ካለ ደግሞ በዚያ ካርድ ላይ አንድም ፎቶ ሳይጨመር ማውጣት ነው፤ አዲስ ካልተጻፈበት እንደ ፎቶሬክ ያለ ፕሮግራም ብዙውን ሊመልስ ይችላል።

ኤ7 ማርክ 4 የያዙ ልጆች «ያንተ ካርድ ይሆነናል?» ይሉኛል። ለተለመደው 4ኬ ይሆናል። ኤክስኤቪሲ ኤስ-አይ በሚባለው ቅርጸት 4ኬ በ60 ፍሬም ከቀረጹ ግን 600 ሜጋቢት ነው፣ በሰከንድ 75 ሜጋባይት። ለዚያ ቪ60 እንኳ አይበቃም፤ ቪ90 ነው የሚገዛው፣ የሚገባውም ዩኤችኤስ-2 በሚቀበል ቦታ ላይ ነው።